ሚሊፑት ለአክሽን ፊገር ጭንቅላት ቅየራ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

የአክሽን ፊገር (እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ የሰው ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት) ጭንቅላት መቀየር ሲያዩት ቀላል ነው። አንዱን መንቀል፣ ሌላውን መሰካት። ጣጣው ያለው አንገቱ ላይ ነው። አንዱ ድርጅት የአንገቱን ኳስ ትልቅ ያደርገዋል፣ ሌላው ትንሽ። ላይና ታች ኳስ ያለው ዘንግ የሚያስገቡም አሉ። ስለዚህ ሁለቱም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ የ1/12 ስኬል (ከእውነተኛ ሰው 12 ጊዜ ያነሱ) ፊገሮች እንኳ ጭንቅላት መዋዋስ አይችሉም። የጭንቅላቱ ቀዳዳ ከሰፋ ጭንቅላቱ ይንገዳገዳል፤ ከጠበበ ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

እኔ ይህን ክፍተት የምሞላው በሚሊፑት ነው። ዌልስ ውስጥ የሚሠራ ኢፖክሲ ፑቲ ነው፣ ማለትም ሁለት ክፍሉ ሲደባለቅ የሚጠነክር ሊጥ መሰል ነገር፤ ስቱኮም ማጣበቂያም ሆኖ ያገለግላል። መደበኛው ፓኮ 113 ግራም ሲሆን ውስጡ ሁለት ጥቅል አለ። አንድ ጭንቅላት የሚፈልገው የአተር ፍሬ የምታህል ስለሆነ አንዱ ፓኮ ወራት አቆይቶኛል፣ ገናም አላለቀም።

ከሁለቱም ጥቅል እኩል መቁረጥ ነው። ቀለማቸው ስለሚለያይ ዥንጉርጉሩ ጠፍቶ አንድ ቀለም እስኪሆን ድረስ እሹት። በደንብ ካልተዋሐደ በትክክል አይጠነክርም። ጓንት አድርጉ፤ ኢፖክሲ ሳይደርቅ ቆዳን ያስቆጣል።

ከዚያ የአንገቱን ኳስ ቫዝሊን በስሱ እቀባለሁ። የጭንቅላቱን ቀዳዳ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረዋለሁ፣ እዚያ ቫዝሊን እንዳይነካው እጠነቀቃለሁ። ፑቲውን ሞልቼ ጭንቅላቱን ኳሱ ላይ እጫነዋለሁ። ከአገጭ ሥር የወጣውን ትርፍ በእርጥብ ስቴኪኒ አነሳለሁ። ፑቲው የኳሱን ወገብ ማለፍ ያለበት በትንሹ ብቻ ነው። ብዙ ካለፈ ሲጠነክር ኳሱን ይቆልፈዋል፤ በኋላ በጉልበት ሲነቀል አንዱ ይሰበራል።

አሁን ፊገሩን አቁሞ ማየት ነው። ከፊት ብቻ አይበቃም፣ ከጎን እዩት። ጆሮው ከትከሻው መሐል ጋር መስመር ከያዘ አቋሙ የሰው አቋም ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ወደፊት ቢወጣ ያ ጀግና ጎብጦ ቁጭ ይላል። እንዴት ያማረ ቀለም የተቀባ ፊት ነው በዚህ የሚበላሸው! ፑቲው መጠጠር ሲጀምር ጭንቅላቱን ቀስ ብዬ ግራና ቀኝ አዞረዋለሁ፣ አውጥቼም እመልሰዋለሁ። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ይጠነክራል። ብርድ ያዘገየዋል፤ እኔ ባለሁበት ሚኒሶታ በክረምት ማታ ሠርቼ እስከ ጠዋት አልነካውም።

ከወራት በኋላስ? ሬዚን (ጠንካራ ፕላስቲክ) ጭንቅላቶቼ ላይ ያለው ምንም አልተነቃነቀም። ዛሬም ስታዞሯቸው ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ያዝ ያደርጋሉ። ፒቪሲ በሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የትኛውም ኢፖክሲ ፒቪሲን እንደ ሬዚን አጥብቆ አይዝም። ጭንቅላቱን ለማላላት ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር ደግሞ ፒቪሲው ይለሰልሳል፣ ፑቲው ግን እንዳለ ነው፤ ሁለቱ ይላቀቃሉ። መፍትሔው የቀዳዳውን ውስጥ በትንሽ ትራፓኖ ጎድጎድ ማድረግ ነው። ፑቲው ጉድጓዶቹ ውስጥ ገብቶ ሲጠነክር ባይጣበቅም አይወጣም። ከዚያ በኋላ ሙቅ ውሃ አይንካው።

ይህን ሁሉ የምለፋው የምፈልጋቸውን ሰዎች ሱቅ ውስጥ ስለማላገኛቸው ነው። አሁን የያዝኩት አበበ ቢቂላን ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1960ውን የሮም ማራቶን፣ ባዶ እግሩን፣ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የ1/6 ስኬል አካል ነው፣ ጭንቅላቱ በስሪዲ ፕሪንተር የወጣ ሬዚን። የተገዛው አካል አንገት የትግል ስፖርተኛ አንገት ነበር፣ ወፍራም። ለሯጭ አይሆንም። ቆርጬ አነሳሁትና በውስጡ ሽቦ አስገብቼ ቀጭኑን አንገት በሚሊፑት ሠራሁት። ሳይጠነክር በውሃ ስለሚለሰልስ ከጆሮ ሥር እስከ ደረት የሚወርደውን ጅማት በጣቴ ማውጣት ቻልኩ። ለእኔ ይሄ ብቻ ዋጋውን ያወጣል።

የቆዳው ቀለም ትዕግሥት ይጠይቃል። ፑቲው ቢጫ ግራጫ ስለሆነ የአንገቱ ውጪ መቀባት አለበት። ጠይም ቀለም ከአንድ ጠርሙስ አይወጣም። ቡናማ፣ ትንሽ ቀይ፣ ትንሽ ቢጫ እያደባለቅሁ በስሱ እደራርበዋለሁ። ኳሱ የሚሽከረከርበትን ቦታ አልቀባም፣ እዚያ ቀለም ይፋቃል።

ለሬዚን ጭንቅላትና ለአዲስ አንገት ደግሜ እገዛዋለሁ። ለፒቪሲ የምትፈልጉት ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚሸጡ የአንገት አዳፕተሮችን (ጭንቅላቱን ከአካሉ ጋር የሚያገጣጥሙ ቁርጥራጮችን) ሞክሩ፤ ልኩ ከተገኘ ፑቲም አያስፈልግም።