የእህቴ ልጅ የሚሠለጥንበት የደሴው ማሰልጠኛ፦ ታዳጊ በረኛን ሳይቸኩሉ ማሳደግ

በደሴ ታዳጊዎችን በወርሃዊ ክፍያ ከሚያሠለጥኑት የእግር ኳስ ማሰልጠኛዎች አንዱ የእህቴ ልጅ የሚሠለጥንበት ነው። ሜዳው ጥሩ አይደለም፤ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ደግሞ መሬቱ ስለሚደነድን ሲወድቅ ሲነሣ የሚውለውን በረኛ ክርንና ዳሌ ይልጣል። ያም ሆኖ ማሰልጠኛውን ለሌሎች ወላጆች ሳላመነታ የምጠቁመው፣ ጎበዝ ልጅ መቼ ወደ ትልልቆቹ ቡድን ማደግ እንዳለበት የሚወስንበት መንገድ የበሰለ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ልጁ ገና 15 ዓመቱ ሲሆን ቁመቱ ግን ከጎልማሶቹ ጋር ይተካከላል። የትልልቆቹ ቡድን በረኛ በተጎዳ ጊዜ ሜዳ ዳር የሚቆመው ሰው ሁሉ እሱ እንዲገባ ይወተውት ነበር፤ አሰልጣኙ ግን አልተቀበለም። ይልቁንም ልምምዱን በከፊል ከትልልቆቹ ጋር እንዲሠራ፣ ጨዋታውን ግን ከእኩዮቹ ጋር እንዲያደርግ ወሰነ። ይህ በተለይ ለበረኛ ተገቢ ነው። አጥቂ ቢሆን በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ተቀይሮ ገብቶ ሊሞከር ይችላል፤ ቢሳሳትም ጨዋታው ይቀጥላል። የበረኛ ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ስሕተቱም ወዲያው ግብ ሆኖ ይቆጠራል። 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ከፍታ ያለው ግብ በሁለቱም ቡድን ያው ነው፤ የሚለየው የኳሱ ፍጥነትና ተሻጋሪ ኳስ ለመያዝ ሲወጣ የሚገጥመው ግፊያ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት የዕቃ ቤቱን ግድግዳ ነው። አሰልጣኙ በየወሩ ልጆቹን ጫማ አስወልቆ ከግድግዳው ጋር እያቆመ ቁመታቸውን በጠመኔ ያሰምርና ቀኑን ከጎኑ ይጽፋል። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ከወትሮው ሰፍቶ ከተገኘ የዚያን ልጅ ዝላይ ይቀንስለታል፤ ምክንያቱም ልጅ በፍጥነት በሚመዘዝበት ወቅት ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ገና ያልጠነከረውን አጥንት ስለሚጎትት፣ መዝለል ሲበዛ ቦታው ያብጣል፣ ያማልም። የእኛንም ልጅ ይኸው ሕመም ጀምሮት ስለነበር፣ እስኪሻለው ድረስ ኳስ በእግር ማቀበልንና አቋቋምን ብቻ ሲለማመድ ቆየ። እህቴ በዚያ ሰሞን፣ «አሰልጣኝ፣ ልጁ እኮ ደረሰ፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብላ ስትጠይቀው፣ «አብሽሩ እትዬ፣ ቁመቱ ነው እንጂ አጥንቱ አልደረሰም። ሲደርስ እኔው እነግርዎታለሁ» ሲል መለሰላት።

ቶሎ ማሳደግ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ጣሊያናዊው በረኛ ጃንሉዊጂ ዶናሩማ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኤሲ ሚላን በጣሊያን ሴሪ ኣ መሰለፍ ሲጀምር 16 ዓመቱ ነበር፤ በዚያው ጸንቶ ቆይቶ በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ኮከብ ተጫዋች ለመባል በቅቷል። በአንጻሩ አሜሪካዊው ተጫዋች ፍሬዲ አዱ በ2004 ገና በ14 ዓመቱ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ዩናይትድ ተሰልፎ ዓለም ሲያወራለት ከቆየ በኋላ፣ ከክለብ ክለብ ከአገር አገር ሲዘዋወር የተጠበቀበት ደረጃ ላይ ሳይደርስ ቀረ። ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ልጁ ከትልልቆቹ ጋር ሲለማመድ ከግቡ ለመውጣት ወይም እዚያው ለመቆየት የሚወስነው በወቅቱ ነው ወይ? ግብ ከተቆጠረበት በኋላ ቀጣዩን ኳስ ተረጋግቶ ይይዛል ወይ? አሰልጣኙ የሚመለከተው ይህንን ነው፤ ትክክልም ነው።

የልደት ምስክር ወረቀት ሳያይ አለመመዝገቡም ያስመሰግነዋል። ዕድሜ መቀነስ የተለመደ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፊፋ እንኳ ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ ውድድሮች ዕድሜን ለማጣራት የእጅ አንጓን አጥንት በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ የማግኔት ምስል) እስከ ማስመርመር ደርሷል።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የማሳደጊያው መስፈርት በአሰልጣኙ ጭንቅላት እንጂ በወረቀት ላይ የለም፤ ወላጅ ካልጠየቀ አይነገረውም። ሁለተኛ፣ ለረጃጅሞቹ የሚደረገው ጥንቃቄ ዘግይተው ለሚያድጉት አልደረሳቸውም። ኳስ አያያዛቸው ከሁሉ የላቀ ሆኖ ሳለ ሰውነታቸው ስላነሰ ብቻ ከታናናሾቻቸው ጋር የቀሩ ልጆች አይቻለሁ፤ ለእነሱም ቢያንስ ልምምዱን ከፍ ካሉት ጋር መፍቀድ ይገባ ነበር።

ክፍያው ከሚሰጠው አገልግሎት አንጻር ተመጣጣኝ ነው፤ ጓንት ግን ወላጅ ነው የሚገዛው። የበረኞች አሰልጣኙ የሚገኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሆነ፣ በረኛ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ስታስመዘግቡ እነዚህን ቀናት ምረጡ።