«የሊነክስ ላይሰንስ» ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ ጥገና ቤቶችን ተጠንቀቁ (ሐዋሳ)

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ገና ሳይበርድልኝ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ፣ የ9 ዓመት የማስተማር ሥራዬ የተጠራቀመበት ሃርድ ዲስክ ዐይኔ እያየ ተደመሰሰ፤ ያውም ፋይሌ እንዳይነካብኝ ብዬ 3,500 ብር ተጨማሪ ከከፈልኩ በኋላ።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ኮር አይ ስሪ፣ ራሙ 2 ጊጋ ብቻ። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት እስኪነሳ ድረስ አንድ ስኒ ቡና ይጠጣ ነበር። ማይክሮሶፍትም ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ የእኔን ማሽን አይቀበለውም። ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተርን የሚያሠራ፣ ሊነክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ላስጭንበት ወሰንኩ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። የተሳሳትኩት በሰው ነው።

የጥገና ቤቱን ልጅ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማሽኑን ሳያበራ ዋጋ የሚቆርጥ፣ ለተጠየቀው ሁሉ «ችግር የለውም» የሚል ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ ሊነክስ ሁለት ዓይነት አለ፤ ነጻው ሲጫን ያለውን ሁሉ ያጠፋል፣ ላይሰንስ ያለው ግን ፋይልዎን ሳይነካ ከዊንዶውሱ ጎን ይቀመጣል» አለኝ። ለመጫኛ 800፣ ለላይሰንሱ 3,500 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ፍላሹን ሰክቶ መጫን ሲጀምር በርጩማ ላይ ከአጠገቡ ተቀምጬ ስክሪኑን አያለሁ። ሁለት ምርጫ መጣ፤ አንደኛው ከዊንዶውስ ጎን እንዲጫን፣ ሁለተኛው ዲስኩን አጥፍቶ እንዲጫን ይላል። ጽሑፉን አንብቤ ተረድቼዋለሁ። ጠቋሚው ሁለተኛው ላይ ሲያርፍ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ያጠፋል ይላል» አልኩት። በትከሻውና በጆሮው መሃል የያዘውን ስልክ ሳያወርድ «ጽሑፉ ነው እንጂ፣ ላይሰንስ ስላለው አይነካም» ብሎ ተጫነው። ቀጥሎ የሚጠፋውን ክፍል ዘርዝሮ በእርግጥ ይቀጥል እንደሆነ የሚጠይቅ ሌላ ሳጥን ወጣ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምንም አልጠፋም ነበር። እጁን መያዝ እችል ነበር፤ ባለሙያ ፊት አላዋቂ እንዳልመስል ብዬ ዝም አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ የተከፈለው ብር ሳይሆን ያ ዝምታዬ ነው።

ተጭኖ ሲያልቅ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ጥያቄዎቼን፣ የተማሪዎቼን ውጤት፣ የሟች አባቴን ፎቶዎች ፈለግሁ፤ አንድም የለም። «ባክአፕ ማድረግ የባለቤቱ ሥራ ነው» አለኝ፣ አሁንም ወደ ስልኩ እያየ። ባልደረባው ደግሞ ከወዲያ ሆኖ «መምህር አይደሉ እንዴ፣ ይህን ያጡታል?» ብሎ ሳቀ። ላይሰንስ የከፈልኩት ለምን እንደነበር ስጠይቅ «እሱ ለሶፍትዌሩ ነው» ተባልኩ፤ ከብሩ አንድ ሳንቲም አልተመለሰልኝም።

ማታ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠና የጎረቤቴ ልጅ ነገሩን ሲሰማ አዘነልኝ፤ እንዲህም ብሎ አስረዳኝ። የሊነክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሲሆን፣ ከ1992 ጀምሮ ማንም እንዲገለገልበት፣ እንዲቀዳውና እንዲያከፋፍለው በሚፈቅድ ጂፒኤል በሚባል ፈቃድ ይሰራጫል። ኡቡንቱም ሆነ ሚንት የሚባሉት የሊነክስ ዓይነቶች ከየድረ ገጻቸው ያለ ክፍያ ይወርዳሉ፤ ፋይል የሚጠብቅ፣ ላይሰንስ የሚገዛለት ዓይነት የሚባል ነገር የለም። ለድካም ማስከፈል ነውር አይደለም፤ 800 ብሩን ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት። የሌለ ነገር መሸጥ ግን ስርቆት ነው። የተጫነልኝም ቢሆን ቀላሉ አይደለም፤ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም የሚመከርለት መደበኛው ኡቡንቱ ነው። በእኔ 2 ጊጋ ላይ አንድ መስኮት ከፍቶ ሁለተኛውን ሲከፍቱ ይቆማል። ለእንዲህ ያለ ማሽን የሚመረጡት ኤልኤክስኪውቲ በሚባል ቀላል የስክሪን ገጽታ የሚሠራው ሉቡንቱ፣ ወይም ኤክስኤፍሲኢ በሚባል ሌላ ቀላል ገጽታ የሚሠሩት ዙቡንቱና የሊነክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ዕትም ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ፋይላችሁን በገዛ እጃችሁ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። እነዚህ ሲስተሞች ሳይጫኑ ከፍላሽ ላይ ተነስተው ስለሚሞከሩ መጀመሪያ አስነስቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ላይሰንስ የሚል ቃል ከሰማችሁ ማሽናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ላፕቶፑን ከትናንት ማታ ጀምሮ አላበራሁትም፤ አዲስ ነገር በላዩ ካልተጻፈበት ከጠፋው ውስጥ የሚገኝ ሊኖር እንደሚችል የጎረቤቴ ልጅ ነግሮኛል። በሐዋሳ የጠፋ ፋይል በማውጣት የምታምኑት ሰው ካለ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።