ዶቡታሚን ወይስ አዴኖሲን? መሮጥ ለማይችል ሰው የልብ ምርመራ

እናቴ 70 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት እንኳን በመሮጫ ማሽን ላይ ልትሮጥ፣ ሂርማታ ገበያ እስክትደርስ ሁለቴ ታርፋለች። እንዲህ ላለ ሰው ልብን የሚፈትነው መድኃኒት ነው።

ዶቡታሚን ልብን የሮጠች ያህል ያሠራታል። በደም ሥር በትንሹ ተጀምሮ በየ3 ደቂቃው ይጨመራል። የሚፈለገው የልብ ምት በደቂቃ፣ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ከሚቀረው 85 በመቶው ነው፤ ለእናቴ 128 ገደማ። ሐኪሙ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) እያየ የትኛው የልብ ግድግዳ እንደደከመ ይለያል።

አዴኖሲን ግን የልብን ደም ሥሮች ያሰፋል። ጤነኛው ሥር ሲሰፋ የጠበበው ባለበት ይቀራል፤ ልዩነቱ በኑክሌር ምስል (ጥቂት ጨረራማ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ በሚነሳ ምስል) ይታያል። ፊት ይግላል፣ ደረት ይከብዳል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን ቶሎ ይለቃል።

ለእኛ ለጅማ ሰዎች ትልቁ ነገር ቡና ነው። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ ውጤቱን ያበላሻል። ከምርመራው በፊት ከ12 እስከ 24 ሰዓት አቦልም፣ ቶናም፣ በረካም የለም፤ ሻይና ኮካም እንዲሁ። ጀበና በተጣደበት ቤት ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እባካችሁ፣ የጠጣ ሰው አይደብቅ፤ ቀጠሮው ቢዛወር ይሻላል።

እናቴ አስም አለባት፤ የሚነፋውን መድኃኒት ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዘው። አዴኖሲን የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ስለሚችል፣ ለእሷ ዶቡታሚንን እመርጣለሁ። የምት መዛባት ወይም በጣም ከፍ ያለ ግፊት ላለበት ግን ዶቡታሚን ያሰጋል። እንደ አቴኖሎል ያለ የልብ ምት የሚቀንስ ኪኒን የሚወስድም አስቀድሞ ይናገር፤ ሐኪሙ ሳያዝ ግን አያቋርጥ።