ቡቺን በእግሯ ላቆመልን ዶክተር

ሰላም የጅማ ልጆች። ውሻ ያላችሁ ይቺን አንብቡልኝ፤ የሌላችሁም ላላቸው አድርሱልኝ።

ውሻችንን ቡቺን ቆጪ አካባቢ የማያውቃት የለም። ወገቧ ረጅም፣ እግሯ አጭር፣ ድምጿ ግን የበሬ የሚያክል። 6 ዓመቷ ነው። ከ3 ወር በፊት አንድ ጠዋት የኋላ እግሮቿን እየጎተተች ከአልጋ ስር ወጣች። ከዚያ በፊት ለ2 ቀን ስናነሳት ትጮህ ነበር፤ እኛ ግን «ልጆቹ ረግጠዋት ይሆናል» ብለን ተውናት። መጀመሪያ የጠራነው ሰው በር ላይ ቆሞ አያትና «እብደት ሊሆን ይችላል፣ አስገድሏት» ብሎ ሄደ።

የዚያኑ ቀን ጎረቤታችን ላሟን የሚያክምላትን ዶክተር ስልክ ሰጠችን። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ማታ፣ በዝናብ፣ በባጃጅ መጣ። መርፌ አላወጣም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጠየቀን፤ የክትባት ወረቀቷ የታለ? ውሃ ትውጣለች? ለሀጭ አላት? የነከሳት ውሻ ነበር? ቡቺ ግን እራቷን ጨርሳ ሳህኑን በአፍንጫዋ ትገፋለች።

ከዚያ የኋላ እግሯን ጣት በመቆንጠጫ ያዘው። እግሯን ሰበሰበች። እኔ እልል ልል ስል «ቆይ፣ እግሯን አትዪ፣ ፊቷን እዪ» አለኝ። እግሩ ለካ ህመሙ አንጎል ሳይደርስም በራሱ ይሰበሰባል። ጠበቅ ሲያደርገው ግን ቡቺ ዞር ብላ ጮኸች፣ እጁንም ልትነክስ ቃጣት። ሰውዬው ሳቀ። «ይሰማታል፤ ተስፋ አለን።»

በሽታው የዲስክ ነው። በአከርካሪ አጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ ነገር ይደርቅና ወጣ ብሎ ህብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። እንደሷ አካላቸው ረጅም፣ እግራቸው አጭር የሆኑትን ይወዳል። ቀዶ ሕክምና አለው፤ «እኔ ግን አልሠራውም» ብሎ ቁርጡን ነገረን። አንድ ነገር ላይ ተቆጣኝ፤ ጠዋት ከቤት ካገኘሁት ዲክሎፌናክ ግማሽ ፍሬ ሰጥቻት ነበር። የሰው ማስታገሻ ለውሻ መርዝ ነው አለኝ። በላዩ ላይ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ከተጨመረ ደግሞ ጨጓራዋ ሊደማ ይችላል፤ ስለዚህ ያን ቀን ምንም ሳይወጋት ሄደ።

ሕክምናው እረፍት ነው፣ 6 ሳምንት ሙሉ። የምትዞርበት እንጂ የማትዘልበት የጣውላ ሳጥን አሠራን። እናቴ «እስር ቤት» ትለዋለች፤ እየመጣች በድብቅ ዳቦ ታቀብላታለች። መወፈርም ለወገቧ አይበጅም ተብሎ ያም ተከለከለ።

ከሁሉ የከበደን ሽንቷ ነው። ራሷ መሽናት አልቻለችም። ዶክተር እጄን ይዞ ከሆዷ ግራና ቀኝ፣ ከኋላ እግሮቿ ፊት ለፊት አስቀመጠው። «የሽንት ፊኛ» ለምን እንደሚባል ያኔ ገባኝ፤ በእርግጥም ውሃ የሞላው ፊኛ ነው። ሳትቆነጥጪ፣ ሳትቸኩዪ፣ በመዳፍ ቀስ እያልሽ። በቀን 4 ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ጠዋትና ማታ እየመጣ አሠራኝ፤ ከባጃጁ ሂሳብ በቀር አልተቀበለም። ሽንቷ ከሸተተ ወይም ከደፈረሰ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው ደውዪ አለኝ። እንዳይላጥ ጎኗን ማገላበጡ፣ ስትወጣ በእናቴ አሮጌ ነጠላ ከሆዷ ስር ደግፎ መያዙ፣ ሴራሚኩ እንዳያዳልጣት የቡና ጆንያ ማንጠፉ፣ ሁሉም የሱ ምክር ነው። የአንገት ማሰሪያዋንም አስጥሎ በደረት ማሰሪያ አስቀየረን።

በ3ኛው ሳምንት ጅራቷ ተንቀሳቀሰ። አሁን ከጠጅ ቤት እንደወጣ ሰው እየተንገዳገደች ትሄዳለች፤ ደረጃ ግን በፍጹም አናስወጣትም።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር «መጣሁ» ካለ አንድ ሰዓት ጨምራችሁ መጠበቅ አለባችሁ። ቀን ቀን ከብት ሲያክም ነው የሚውለው፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ያነሳል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ስትደውሉለት ውሻችሁ መጨረሻ የሸናው መቼ እንደሆነ አውቃችሁ ደውሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።