ልቡ ላይ ዕጢ ላለበት ውሻ የቱ ሕክምና ይሻላል?

ቀዶ ጥገና ወይስ ኬሞ ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁ። ዕጢው ያለው የልቡ የትኛው ቦታ ላይ ነው? የልብ አልትራሳውንድ ብዙውን ጊዜ ይህን ያሳያል፤ ምርጫውም የሚለያየው እዚህ ላይ ነው።

ቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል ላይ ከሆነ በአብዛኛው ሄማንጂዮሳርኮማ ነው። ክፉ ካንሰር ነው፤ ጀርመን ሸፐርድና ጎልደን ሪትሪቨር ላይ ይበዛል። ዕጢው ይደማል፣ ደሙ ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ልብ ይታፈናል፣ ትናንት ሲሮጥ የዋለ ውሻ ዛሬ ድዱ ነጥቶ ዘፍ ይላል። ያኔ ደሙን በመርፌ መቅዳት ነፍስ ያድናል። አንዳንዱ ውሻ መርፌው ሳይነቀል ቀና ይላል። ግን እንዳትሸወዱ፣ ዕጢው እዚያው ነው፤ ከረጢቱ በቀናት ውስጥ እንደገና ሊሞላ ይችላል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዋና አማራጭ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ነው። በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። በመርፌ መቅዳት ብቻ ሳምንታት ሲሰጥ፣ ይሄ ወደ 4 ወር ገደማ ያደርሳል። ፀጉሩ ይረግፋል ብላችሁ አትፍሩ፣ አብዛኞቹ ውሾች ላይ አይታይም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ ሲደጋገም ራሱ ልብን ይጎዳል፣ ስለዚህ መጠኑ ገደብ አለው። ቀዶ ጥገና ከኬሞ ጋር ሲሆን 6 ወር አካባቢ ሊያደርስ ይችላል። ሳንባውና ጣፊያው ሳይታዩ ግን ደረቱን አታስከፍቱ፤ ካንሰሩ ወደዚያ ቀድሞ መሰራጨት ይወዳል።

ዕጢው ከልብ በላይ፣ አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ) መነሻ ላይ ከሆነስ? እዚህ ነገሩ ይቀላል። ብዙውን ጊዜ ኬሞዴክቶማ የሚባል ዕጢ ነው፣ ቦክሰርና ቡልዶግን ያጠቃል፣ ቀስ ብሎ ያድጋል። ዶክሶሩቢሲን እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። ቀዶ ጥገናውም ዕጢውን ለማውጣት ሳይሆን ከረጢቱን ቆርጦ ለማንሳት ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ይጠራቀም የነበረው ፈሳሽ ልብን ማፈኑን ትቶ ወደ ደረት ይወርዳል። ከረጢቱ የተነሳላቸው ውሾች ወደ 2 ዓመት ገደማ ሲኖሩ፣ ያልተነሳላቸው ብዙዎቹ ከወራት አይዘሉም። እኔ ብሆን ገንዘቤን የማወጣው እዚህ ላይ ነው። ቀዶ ጥገና ለማይችል ውሻ ጨረር ወይም ቶሴራኒብ የሚባለው ክኒን አለ።

ምንም ሕክምና አለመምረጥም ይቻላል። ከመረጣችሁት ግን ድዱን በየቀኑ እያያችሁ፣ ሲነጣና ሆዱ ሲነፋ ወዴት እንደምትወስዱት አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።