ድሬ ላይ «ኢ88ሲሲ» እየተባለ የሚሸጠውን ቫልቭ ከመግዛታችሁ በፊት

ለሄድፎን አምፕ (ለሄድፎን ድምፅ ማጉያ) የድሮ ቫልቭ፣ ማለትም እንደ አምፖል እየጋለ ድምፅ የሚያጎላውን የመስታወት ቱቦ፣ የምትፈልጉ ሁሉ እጃችሁን ሰብስቡ። ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ከቀፊራ እስከ ታይዋን ገበያ፣ በስልክ ፎቶም በእጅም የሚዞር ዕቃ አለ። «ኦርጅናል የጀርመን ኢ88ሲሲ (E88CC)፣ ጥንድ፣ ያልተነካ፣ እግሩ ወርቅ» ይባላል። ለጥንዱ 14,000 ብር ይጠራና ትንሽ ስትከራከሩ 11,000 ላይ ይቆማል። አብሮት የሚመጣው ወሬ ሁሌም ያው ነው፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ ካለ የድሮ ቤት፣ ከአያት ሬዲዮ ተነቅሎ የወጣ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከወሬው ነው። ኢ88ሲሲ የቤት ሬዲዮ ቫልቭ አይደለም። ለመለኪያ መሣሪያ፣ ለስልክ ማስተላለፊያና ለጥንቱ ኮምፒውተር ተብሎ፣ ብዙ ሰዓት እንዲሠራ የተዘጋጀ ቫልቭ ነው። እንደ እ.ኤ.አ. አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የጀርመን ሬዲዮ ጀርባው ቢከፈት የሚገኘው ሰልፍ የታወቀ ነው፦ ኢሲሲ85፣ ኢሲኤች81፣ ኢኤፍ89፣ ኢኤቢሲ80፣ ኢኤል84፣ ከፊት ደግሞ ጣቢያ ሲያዝ የምትጠብበው አረንጓዴ ዓይን። ሬዲዮው ኤፍኤም ከሌለው ኢሲሲ85 እንኳ አይኖረውም። ስለዚህ «ኢ88ሲሲ ከሬዲዮ አወጣሁ» የሚል ሰው ወይ ሬዲዮውን አላየም ወይ ቫልቩን አያውቅም።

ታዲያ የሚሸጠው ምንድን ነው? በብዛት ኢሲሲ85 ነው፤ የፊቱ ጽሑፍ ተጠርጎ ሌላ ታትሞበታል። አንዳንዴ ከድሮ ቴሌቪዥን የወጣ ፒሲሲ88 ይሆናል። ሦስተኛው የራሺያው 6ኤን1ፒ ነው። በራሺያ ፊደል «ኤን» የምትጻፈው የላቲኗን «ኤች» መስላ ስለሆነ ማኅተሙ ካልተጠረገ በዚያ ትለዩታላችሁ። ሦስቱም ዘጠኝ እግር አላቸው፣ የእግራቸው አሰላለፍም ከኢ88ሲሲ ጋር ይገጥማል፣ ሲሰኩ ድምፅ ያወጣሉ። ተንኮሉም እዚሁ ላይ ነው። ገዢው ሰክቶ ዘፈን ሲሰማ «አቦ ሠራ!» ይልና ገንዘቡን ይቆጥራል።

ልዩነቱ ያለው ውስጥ ቀልቶ በሚግለው ክር፣ በፊላመንቱ ላይ ነው። በ6.3 ቮልት ኢ88ሲሲ 300 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ታናሽ ወንድሙ ኢሲሲ88፣ ማለትም አሜሪካኖቹ 6ዲጄ8 የሚሉት፣ 365 ይወስዳል። ኢሲሲ85 435፣ 6ኤን1ፒ ደግሞ 600 ይወስዳል። ሁለት ኢ88ሲሲ እንዲያበራ የተሠራ አምፕ 0.6 አምፔር ይበቃዋል፤ ሁለት 6ኤን1ፒ ብትሰኩበት 1.2 ይጠየቃል። ያኔ ትራንስፎርመሩ ወይም ቮልቱን የሚቆጣጠረው አይሲ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ በሄድፎኑ ውስጥ እንደ ንብ «እምምም» የሚል ድምፅ ይገባል። በድሬ የግንቦት ሙቀት፣ ያውም ኤሲ በሌለበት ክፍል፣ ይህ የሳምንታት ጉዳይ ነው። የኢሲሲ85 ጣጣው ሌላ ነው። ቮልቱን የማባዛት አቅሙ 57 ገደማ ሲሆን የኢ88ሲሲ 33 ነው። ድምፁ ቁልፉ ገና ሲነካ ያፈነዳል፣ ሹክሹክታ የመሰለ ጫጫታም አብሮ ይጎላል። አንዳንድ ሰው ይህንን «የጀርመን ጉልበት» ብሎ ይደሰትበታል።

ፒሲሲ88ን ግን ከእነዚህ ጋር በአንድ ዓይን አትዩት። በአውሮፓውያኑ አሰያየም የመጀመሪያዋ ፊደል ስለ ፊላመንቱ ትናገራለች፤ «ኢ» ከሆነ 6.3 ቮልት፣ «ፒ» ከሆነ በሰንሰለት የሚያያዝ የ300 ሚሊአምፔር ቫልቭ ነው። ፒሲሲ88 የሚፈልገው 7 ቮልት ነው። በ6.3 ቢሰካ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል፣ ውስጡም የኢሲሲ88 መንትያ ነው። በገዛ ስሙና በገዛ ዋጋው ቢሸጥ ጥሩ ግዢ ነበር። የሌላ ስም ለብሶ በአሥር እጥፍ መምጣቱ ነው ነውሩ።

አሁን ወደ መለየቱ። የፊት ጽሑፉን እርሱት፤ እሱ ቀለም ነው፣ ማንም ያትመዋል። እንዲያውም የእውነተኞቹ የድሮ ቫልቮች ጽሑፍ በአውራ ጣት ሲታሽ ይለቃል፤ ሙጭጭ ብሎ የሚይዝ ደማቅ ጽሑፍ ነው ሊያጠራጥራችሁ የሚገባ። የፊሊፕስ ቤተሰብ ፋብሪካዎች መስታወቱ ግርጌ ላይ፣ ከእግሮቹ ከፍ ብሎ፣ በአሲድ የተጻፈ ሁለት መስመር ፈዛዛ ግራጫ ምልክት ይተዉ ነበር። የመጀመሪያው መስመር የቫልቩ ዓይነት ነው፤ ኢ88ሲሲ «7ኤል» ብሎ ይጀምራል፣ ኢሲሲ88 «ጂኤ» ብሎ። ሁለተኛው መስመር ፋብሪካው፣ ዓመቱ፣ ወሩና ሳምንቱ ነው። ሦስት ማዕዘን ካለ የሆላንዱ ሄርለን ነው፣ «አር» ከሆነ የእንግሊዙ ሚቻም። ለምሳሌ ሦስት ማዕዘን፣ 2፣ ቢ፣ 3 የሚል ካገኛችሁ ሄርለን፣ ዓመቱ በ2 የሚያልቅ፣ የካቲት፣ ሦስተኛ ሳምንት ማለት ነው። ወሩ እንደ እነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ መሆኑን ልብ በሉ።

ይህ ምልክት በቀላሉ አይታይም። ሌላ አገር እፍ ይሉበትና በእንፋሎቱ ውስጥ ይነበባል፤ ድሬ ላይ ግን መስታወቱ ራሱ ሞቃት ስለሆነ ጉም አይይዝም። ቫልቩን በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ, ፍሪዘር ሳይሆን, 10 ደቂቃ አቆዩት። ስታወጡት አንዴ እፍ በሉና ከጎን በስልክ መብራት እዩ። ግራጫው ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንድ ወጥቶ ይጠፋል፤ ካሜራችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። በጣት አትጥረጉት፣ አልኮልማ በፍጹም።

የጀርመኑ ፋብሪካ የቴሌፈንከን ነው የተባለ ከሆነ ገልብጣችሁ ታችውን እዩ። የራሱ ፋብሪካ የሠራው ከሆነ በእግሮቹ መሀል፣ ከመስታወቱ ጋር አብሮ የተቀረጸ የዳይመንድ ቅርጽ አለ። በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል። ተጭሮ ወይም በመርፌ ተፍቆ የተሠራ ከሆነ ጠርዙ ሻካራ ነው፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርም ይተዋል። በነገራችን ላይ ሌሎች ፋብሪካዎች ሠርተውለት በቴሌፈንከን ስም የወጡ ቫልቮች ነበሩ፤ ዳይመንድ ስለሌለው ብቻ ፎርጅድ ነው አይባልም፣ የዳይመንድ ዋጋ ግን አይከፈልበትም። «እግሩ ወርቅ» ለሚለው፣ ወርቅ ቅብ እግር ያላቸው አዳዲስ ቫልቮችም ሞልተዋል፤ ለወርቅማ ወርቅ ቤት አለ።

ከምልክቱ ቀጥሎ የሚያስተማምነው የፊላመንቱ ልኬት ነው፣ ለዚህም ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በየሱቁ ያለው ዲጂታል ሚዛን ውስጥ 6 ቮልት 4 አምፔር-ሰዓት ባትሪ አለ፤ በደንብ ቻርጅ ሲሆን 6.3 እና 6.4 መካከል ያሳያል፣ ልክ የምንፈልገው። የባጃጅ ባትሪ እንዳታስቡ፤ 12 ቮልት ነው፣ ክሩን ቦግ አድርጎ ይበጥሰዋል። ቫልቩን ገልብጣችሁ ያዙ፤ በእግሮቹ መሀል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ። ከክፍተቱ ጀምራችሁ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ቁጠሩ፣ 4ኛውና 5ኛው ፊላመንቱ ናቸው። ከሞተ ሬዲዮ የተነቀለ ሶኬት ላይ ሁለት ሽቦ በካውያ በዩበት፤ እግር ላይ በቀጥታ ክሊፕ መንከስ መስታወቱን ይሰነጥቃል። የቴስተራችሁን ቀይ ሽቦ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ አዙሩ፣ በትንሹ ቀዳዳ ከሞከራችሁ ፊውዙ ይሄዳል። ከዚያ ባትሪ፣ ቴስተር፣ ቫልቭ በተከታታይ። መጀመሪያ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ክሩ ሲግል ይወርዳል። አንድ ደቂቃ ጠብቁና አንብቡ።

0.30 ገደማ ኢ88ሲሲ ሊሆን ይችላል። 0.36 ኢሲሲ88 ነው። 0.43 ካያችሁ ከአያት ሬዲዮ የወጣ መሆኑ እውነት ነው፤ ኢሲሲ85 ነው። 0.60 ከሆነ 6ኤን1ፒ። ፒሲሲ88 በዚህ ቮልት 0.27 ወይም 0.28 ያሳያል፣ ርካሽ ቴስተር ደግሞ ይህንን ከ0.30 ላይለየው ይችላል፤ ያኔ ዳኛው የግርጌው ጽሑፍ ነው።

ኢሲሲ83 ወይም ኢሲሲ82 ይዞ የሚመጣም አለ። እሱን ለመለየት ባትሪም አያስፈልግ፤ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ 4ኛውንና 9ኛውን እግር ንኩ። ካነበበ የኢሲሲ83 ወገን ነው፣ 9ኛው እግሩ የፊላመንቱ መሀል ስለሆነ። በኢ88ሲሲ 9ኛው እግር ከፊላመንቱ ጋር የማይገናኝ መከለያ ስለሆነ ምንም አያነብም። በዚያው እጃችሁ የቀሩትን እግሮች እርስ በርስ ሞክሩ፤ ከ4 እና 5 በቀር በቀዝቃዛው ምንም መገናኘት የለበትም። አናቱ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ቅብ ነጭ ከሆነ አየር ገብቷል፣ ቫልቩ ሞቷል፤ ይህንን በፎቶ እንኳ ታዩታላችሁ።

«ጥንድ» ስለሚባለው አጭር ነው። ሁለት ቫልቭ ውስጥ አራት ክፍል አለ፣ ስለዚህ የእያንዳንዱን ክፍል የከረንት ልኬት፣ አራት ቁጥር ጠይቁ፣ በስንት ቮልት እንደተለካም። በፋብሪካው የመረጃ መጽሐፍ የኢ88ሲሲ መለኪያ ለአንዱ ክፍል 90 ቮልት ላይ 15 ሚሊአምፔር ነው። «ሁለቱም አንድ ዓይነት መልክ አላቸው» መልስ አይደለም።

ትንንሾቹን የቻይና አምፖች የያዛችሁ ደግሞ ቫልቫችሁን ገልብጡና እግሩን ቁጠሩ። ሰባት ከሆነ 6ጄ1 ነው፣ ኢ88ሲሲ እውነተኛም ቢሆን አይገባበትም። የእናንተ መተኪያ ኢኤፍ95 ወይም 5654 ነው፣ ዋጋውም የሚያስደነግጥ አይደለም።

ቀብድ በሞባይል ልከው የሚጠብቁ ካሉ፣ የግርጌውን ምልክት ፎቶና የፊላመንቱን ልኬት ቪዲዮ ሳታዩ ቀሪውን አትላኩ። ገዝታችሁ የጨረሳችሁ ከሆነ ቫልቮቹን ከአምፑ አውጡ፤ አጥፍታችሁ፣ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ፣ ኮንደንሰሩ ቻርጅ ይይዛልና። የራሱን ቫልቭ ስትመልሱ ለመጀመሪያው ማብራት ውዱን ሄድፎን ሳይሆን የመንገድ ኢርፎን ሰኩ። ኢሲሲ85 ሆነው ከተገኙ አትጣሏቸው፤ ኤፍኤሙ የሞተበት የድሮ ሬዲዮ ያለው ሰው እሱኑ ነው የሚፈልገው፣ በራሱ ስም ከሸጣችሁት።