ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድሃኒት የሚወስድ ዘመድ ያላችሁ፣ ይሄን የሎንግ ኮቪድ እንክብል እንዳትገዙ

ባህርዳር ያላችሁ እባካችሁ አንብቡት፣ እኛ ቤት የደረሰ ነው። እታለም ኮቪድ ከያዛት ወዲህ ድካሙ አለቀቃትም፣ ድሮ ጣና ዳር ዳሩን በእግሯ ስትሄድ የምትውል ሴት አሁን ገበያ ደርሳ ከተመለሰች ሁለት ቀን ትተኛለች፣ ወሬ ጀምራ ይጠፋባታል ምናምን። ሀኪም ሎንግ ኮቪድ ነው ብሏታል። ታዲያ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ አንድ ልጅ "እህቴ ብግነቱን ጠራርጎ ነው ሚያወጣልሽ፣ ኤፍዲኤ ያፀደቀው ነው" (የአሜሪካ የምግብና መድሃኒት ተቆጣጣሪ ማለቱ ነው) ብሏት ሶስት ብልቃጥ በ9,600 ብር ገዛች፣ ፋሲሎ ጋር በባጃጅ አምጥቶ ሰጣት፣ ደረሰኝ የለ ምን የለ።

እሷ ደሞ የልብ ቫልቭ ስላስቀየረች ዋርፋሪን ትወስዳለች። ልጁ አልጠየቃትም፣ እሷም ምግብ ነው ብላ ለሀኪም አልተናገረችም። በሶስተኛው ሳምንት ጥርሷን ስትፍቅ የድዷ ደም አልቆም አለ፣ ክንዷ ምንም ሳይነካው ይበልዛል። አይኤንአር፣ ማለትም ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየውን ምርመራ፣ ስትለካ 6.8፣ የሷ መሆን ያለበት ከ2.5 እስከ 3.5 ነው! ዶክተሯ "አዲስ የጀመሩት ነገር አለ?" ስትላት ነው ነገሩ የወጣው።

ብልቃጡ ላይ ያለው ኩርኩሚን ማለትም ከእርድ ተጣርቶ የሚወጣ ንጥረ ነገር፣ ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣ ፓይፐሪን፣ ኦሜጋ 3 ነው። አልጫ ላይ የምናደርጋት እርድ ትንሽ ናት፣ እንክብሉ ግን ኩርኩሚኑ በብዛት የታጨቀበት ነው፣ ፓይፐሪኑም የሚጨመረው ኩርኩሚን ብቻውን ደም ውስጥ እምብዛም ስለማይገባ ነው፣ ግን ያው ፓይፐሪን ጉበት ሌላ መድሃኒት የሚያስወግድበትንም ስራ ያዘገየዋል። ኒውዚላንድ ውስጥ በፈረንጆቹ 2018 ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የእርድ እንክብል ጀምሮ አይኤንአሩ ከ10 በላይ እንደወጣ ተዘግቧል። ዋርፋሪን የማትወስዱም ብትሆኑ የእርድ እንክብል ጉበታቸውን የጎዳቸው ሰዎች አሉ።

ኤፍዲኤ ያፀደቀው የሚባለው ደሞ ውሸት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ሰፕሊመንት፣ ማለትም እንዲህ ያለ ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰድ እንክብል፣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ኤፍዲኤ አያፀድቅም። የዋጋውን ወረቀት ስልጠው ከስሩ ምን አገኘሁ፣ ይሄ ምርት ማንኛውንም በሽታ ለማከም ወይም ለማዳን የታሰበ አይደለም የሚለውን የራሱን የፋብሪካውን ፅሁፍ! እዛው ላይ ነው የለጠፈበት። እስካሁን ሎንግ ኮቪድን ያድናል ተብሎ የተረጋገጠ ሰፕሊመንት የለም፣ እታለምን ያስገዛት ተስፋዋ ነው፣ እሱ ነው እኔን ያንገበገበኝ።

ብሩን መልስ ስንለው "የተከፈተ አንመልስም" ብሎ ብሎክ አረገን፣ አሁንም የቻናሉን ስም ቀይሮ እየሸጠ ነው። ጀምራችሁት ከሆነ ዋርፋሪኑን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ እንክብሉን ብቻ ተዉትና ብልቃጡን ይዛችሁ ነገ ጠዋት አይኤንአር ተለኩ፣ ደም ካያችሁ ግን ነገን አትጠብቁ።